አባዬ ብሮውዘር ሲያማርጥ

አባዬ ሦስት ሱቅ ሳይጠይቅ አንድ ዕቃ ገዝቶ አያውቅም። ዕድሜውን የመኪና መለዋወጫ ሲሸጥ ስለኖረ ይሆናል። ለእሱ የፍሬን ሸራም ሽንኩርትም አንድ ናቸው፤ ኦርጅናሉ አለ፣ ተመሳስሎ የተሠራው አለ፣ ያልጠየቀ ሰው ደግሞ ይሸወዳል። ሥጋ ሊገዛ ከላንቻ ቄራ ድረስ በእግሩ ይሄድና አራት ልኳንዳ ቤት በር ላይ ቆሞ፣ ጠይቆ፣ ተከራክሮ፣ መጨረሻ ላይ መጀመሪያ ወዳየው ይመለሳል። እናቴ በሕይወት ሳለች "እኔንም ስታገባ ሰፈሩን ሁሉ ሳትዞር አልቀረህም" ትለው ነበር። እሱም አይክድም።

ስለዚህ በስተርጅና የስልክ ብሮውዘር፣ ያን የኢንተርኔት መክፈቻ፣ ማማረጥ ሲጀምር ልገረም አይገባኝም ነበር። አልተገረምኩም፤ ፈራሁ እንጂ። ማማረጡን ያስጀመርኩት እኔው ነኝና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ሐኪሙ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ለብቻችን ጠርቶ፣ በአባዬ ጨጓራ ላይ የታየው ቁስለት እንዳልሆነ ነገረን። ስሙንም ነገረን። ገና ከሐኪሙ ክፍል ሳንወጣ ወንድሜ "ይኼን አባዬ አይሰማም" አለ። ሐኪሙም አልተቃወመም። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ለቤተሰብ ነው እንጂ ለታማሚው አይነገርም። ከበሽታው ይልቅ ድንጋጤው ይገድላል ይባላል። እኔም አምንበታለሁ። የጎረቤታችን ባል የበሽታውን ስም የሰሙ ዕለት በእግራቸው ገብተው ከዚያ በኋላ ከአልጋ አልተነሱም።

አባዬ ኮሪደሩ ላይ ካፖርቱን ጭኑ ላይ አጥፎ ይጠብቀን ነበር። ወንድሜ "ጨጓራ ነው፤ በርበሬና ቡና ተው ተብለሃል" አለው። "በርበሬ ተትቶ ምን ሊበላ ነው?" ብሎ ተቆጣ። ሳቅን። እንዲያ እየፈሩ መሳቅ እንዳለ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ፤ ስልክ በጠዋት ከጠራ መርዶ የሚመስለኝ ሰው ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ፍርሃቴ ሥራ ሆነብኝ። ከመድኃኒቱ ብልቃጥ ላይ ወረቀቱን ላጥኩ። ቴሌቪዥን ላይ የጤና ፕሮግራም ሲጀምር ቻናል እቀይራለሁ። ሊጠይቁት የሚመጡትን ዘመዶች በር ላይ አስቁሜ "ጨጓራ ነው፣ እሺ?" እያልኩ አስጠናለሁ። አንዷ አክስቴማ ዓይኗን እየጠረገች ገብታ፣ "ይኼ ጨጓራ የሚባል ነገር አያድርስ ነው" ብላ አለቀሰች። አባዬ ግራ ገብቶት ያያት ነበር።

ቢሮዬ ካዛንቺስ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ሲወጣ እኔ እቀርና በቢሮው ኮምፒውተር ያንኑ ነገር እፈልጋለሁ። የሚያድን ነገር አለ ወይ፣ ሰው ስንት ጊዜ ይቆያል፣ መጨረሻው ሕመም አለው ወይ። የምጠቀመው ምልክቱ ክብ የሆነውን፣ ባለ ሦስት ቀለሙን ብሮውዘር ነበር። የመረጥኩት በስንፍና ነው፤ ፓስዎርዴን ሁሉ ያስታውስልኛል፣ ሁለት ፊደል ስጽፍ የቀረውን ራሱ ይጨርስልኛል። ያ ማስታወሱ ሊያስፈራኝ እንደሚችል አስቤ አላውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ በሚስቱ ያማርራል። ለልደቷ ሊገዛላት ያሰበውን ጫማ ቢሮ ውስጥ ሲፈልግ ውሎ ቤት ሲገባ "ጥቁሩ ይሻለኛል" አለችው። "ለካ በአንድ ኢሜይል ከተከፈተ በቃ ሁሉም ጋ ይታያል! ማለቴ፣ እዚህ የጻፍኩትን እዚያ ስልክ ላይ ታየዋለች" ይላል እየሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። የአባዬን ስልክ የከፈትኩት በኔ ኢሜይል ነው። በገዛሁለት ቀን "ኢሜይል ምን ያደርግልኛል?" ስላለኝ የራሴን አስገብቼ ሰጥቼዋለሁ።

ምን ብዬ እንደወጣሁ አላስታውስም፤ ጥርሴን አሞኛል ያልኩ ይመስለኛል። የቀድሞው ታክሲ መያዣ በመንገድ ቁፋሮ ምክንያት ታጥሮ ስለነበር በጭቃው ዞሬ ሌላ ቦታ ያዝኩ። ረዳቱ "ሳብ በሉ፣ ሳብ በሉ" ሲል፣ ሹፌሩ መስቀለኛው ላይ ሲቆም፣ እኔ በልቤ የጻፍኳቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እየቆጠርኩ ነበር። የትኛውን አይቶ ይሆን? ያንን የመጨረሻውን ካየ አለቀልኝ። ኦሎምፒያ ላይ መንገዱ ዝግ ሲል ወርጄ በእግሬ ሮጥኩ።

አባዬ በረንዳ ላይ መነጽሩን አድርጎ ስልኩን ይዞ ተቀምጧል።

"ምን እያየህ ነው?"

"ዜና ነዋ። አንቺ በዚህ ሰዓት ምን ትሠሪያለሽ?"

ስልኩን ከእጁ ነጠቅኩ ማለት ይቀላል። የመፈለጊያውን ሳጥን ነካ ሳደርገው የኔው ጥያቄዎች ከሥሩ ተደርድረው ወጡ። በራሴ ቃላት፣ በራሴ የፊደል ስህተት። አንድ በአንድ አጠፋኋቸው፤ ኢሜይሌንም አወጣሁ። ፊቱን ሰርቄ አየሁት። የአባዬ ፊት ደግሞ የነጋዴ ፊት ነው፤ ምንም አይነበብበትም።

"ምን ሆነ?" አለኝ።

"ብሮውዘርህ አርጅቷል፤ ቫይረስም ይዞታል። ሌላ እጭንልሃለሁ።"

"ሌላም አለ እንዴ?"

"ሞልቷል።"

"እንግዲያው ዝም ብለሽ አትጫኚ። እንጠይቅ" አለኝ። በዚያው ተጀመረ።

መጀመሪያ እኔን ወደ ቢሮ ላከኝ፤ ሦስት ሰው ጠይቄ እንድመጣ። አንዱ ገና ኮምፒውተር ሲማር የለመደው እሱን ስለሆነ እንደማይለውጥ ነገረኝ። ሌላዋ መሥሪያ ቤቱ የሚጠቀምበት ሲስተም በአንዱ ብቻ ስለሚከፈት ሳትወደው ትጠቀምበታለች። ሦስተኛው ምክንያቱን ሲጠየቅ ትንሽ አሰበና "እንጃ" አለ። ሰው ብሮውዘር የሚይዘው ፀጉር አስተካካይ እንደሚይዘው ነው፤ አንዴ ከለመደ ጎረቤት ያለውን ገብቶ አያየውም። ይኼን ለአባዬ ስነግረው ናቀኝ። "እነዚህ መች አወዳደሩና" አለ።

"የሚያስታውስ አለ፣ የሚረሳም አለ" አልኩት። "ስትዘጋው ያየኸውን ሁሉ ጠራርጎ የሚያጠፋ።"

"የቱ ይሻላል?"

"የሚረሳው" አልኩ ፈጥኜ፤ በጣም ፈጥኜ።

ከመነጽሩ በላይ አየኝ። "የሚረሳ ሠራተኛ ቀጥረሽ ታውቂያለሽ?"

ቅዳሜ ኦሎምፒያ ወዳለ የስልክ ሱቅ ወሰድኩት። ሻጩ ወጣት ነው፤ አፉ ፈጣን። "ፋዘር፣ እኔን ካሉኝ ምልክቷ ቀይ ቀለበት የሆነችዋን። ዳታ አትበላም፣ ኔትወርክ በሌለበት ራሱ ትከፍታለች፣ በቃ!" አለ። ጓደኛው ከጥግ ሆኖ "ኧረ አንበሳው! ማስታወቂያ ድራሹን ነው የሚያጠፋው" አለ። ምልክቷ ቀበሮ የሆነችዋም ተነሣች፤ የሰው ገመና አታወጣም ተባለላት። አባዬ የመኪና ፍሪሲዮን ዋጋ እንደሚከራከር ሰው እያንዳንዱን አስከፍቶ፣ ፊደሉን አስጎልቶ አየ። አንበሳውን ሲያይ ፈገግ አለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና ጠየቀ፦

"ከእነዚህ ውስጥ እውነቱን የሚናገረው የትኛው ነው?"

ወጣቱ ሳቀ። "ፋዘር፣ እነዚህ መንገድ ናቸው እኮ። በየትኛውም ቢሄዱ የሚደርሱት እዚያው ነው።"

"እዚያው ከሆነማ ሰው ለምን ያማርጣል?"

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እኔ ባንኮኒውን ያዝኩ። የምን እውነት ነው የሚፈልገው? ልጠይቀው አልደፈርኩም። ሦስቱንም አስጫነ፤ ባለ ሦስት ቀለሙን ላጥፋው ስል ደግሞ "ማወዳደሪያ ይሁን" ብሎ ከለከለኝ። ማታ ቤት ገብተን አራቱንም ሲዘጉ ሁሉን እንዲረሱ አድርጌ አስተካከልኩለት። ብልህ የሆንኩ መሰለኝ።

የባሰውን ፍርሃት ያመጣብኝ ይኸው ብልሃቴ ነው። ከዚያ በኋላ አባዬ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አንዱን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ሌላውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሲተኛ ስልኩን አንሥቼ አያለሁ። ባዶ ነው። አራቱም እንደ ታጠበ ሰሃን ናቸው። እሱ የኔን እንዳያይ ብዬ የእሱን እንዳላይ ዓይኔን በገዛ እጄ አጠፋሁ። "ምን ስታይ ዋልክ?" ስለው "እያወዳደርኩ ነው" ይለኛል። ምግቡን እየተወ መጣ። ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳ።

ወንድሜ በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ ይመጣል። የተፈጨ አቮካዶ፣ እርጎ፣ ማር፤ እጁ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ሲሄድ በሩ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ጠርጥሯል እንዴ?" ይለኛል። "ኧረ ምንም" እለዋለሁ። ወንድሜ ትልቅ ሰው ነው፤ ግን አባዬን ጎንበስ ብሎ ሲስመው ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ አይቼ፣ አባዬ ያወቀ ቀን ከአባዬ ይልቅ የሚወድቀው ወንድሜ ነው እያልኩ እፈራለታለሁ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አባዬ በረንዳው ላይ ሆኖ ጠራኝ።

"ነይ እስቲ እዚህ ቁጭ በይ።"

ስልኩ ጉልበቱ ላይ ነው። "ሳልዘጋቸው ነው የጠበቅኩሽ" አለና ባለ ሦስት ቀለሙን ከፈተልኝ። የመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ በአማርኛ፣ አንድ ፊደል አንድ ፊደል እየለቀመ እንደጻፈው ያስታውቃል፣ እንዲህ ይላል፦ ጨጓራው ላይ ነቀርሳ የወጣበት፣ መብላት ያቃተው፣ ሰውነቱ የከሳ ሽማግሌ ስንት ጊዜ ይኖራል። ቀይዋን ከፈተ፤ ያው ጥያቄ። ቀበሮዋን፤ ያው። አንበሳውን ከፈተ፤ ያው።

ስንት ጊዜ የፈራሁት ነገር በቀን ብርሃን ጉልበቱ ላይ ተቀምጧል።

"ማን ነገረህ?" አልኩት።

"ወንድምሽ።"

"ወንድሜ?!"

"በአፉ አይደለም። ለፋሲካ እንኳ ተለምኖ የሚመጣ ልጅ በየቀኑ እርጎ ተሸክሞ ሲመጣ ምን ልበል? ሽማግሌ ነኝ እንጂ ጅል አይደለሁም" አለኝ። አልተቆጣም። የሻጩ ወጣት ልክ እንደነበር ነገረኝ፤ አራቱም ያው ቦታ ነው የወሰዱት። አራቱም ሲቆጥሩ በወር ነው የሚቆጥሩት፤ ዓመት የሚል ያነሣ የለም። እሱ ግን አላመናቸውም፤ ምናልባት የስልክ ስለሆኑ ይሆናል ብሎ አስቧል።

"የቢሮሽስ? ትልቅ ኮምፒውተር ነው። የቢሮሽ ምን ይላል?"

ያኔ ገባኝ። ያን ሁሉ ሳምንት ሲያማርጥ የነበረው ብሮውዘር አልነበረም። አንዱ እንኳ ሌላ ነገር ይለኛል ብሎ ከበር በር ሲዞር ነበር፤ እንደሱ ያለ ሰው በሞትም ቢሆን ሦስት ሱቅ ሳይጠይቅ አይገዛም። የቢሮዬ ምን እንደሚል አውቃለሁ። በየምሳ ሰዓቱ ጠይቄዋለሁ።

"የቢሮው የሚድን አለ ይላል" አልኩት። "ሰው ይለያያል ይላል። ብዙ ዓመት የኖሩ አሉ ይላል፣ አባዬ።"

መነጽሩን አስተካከለ።

"የቢሮሽ የትኛው ነው?"

"ባለ ሦስት ቀለሙ" አልኩ፤ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።

ወደ ስልኩ አጎነበሰ። ባለ ሦስት ቀለሙ መጀመሪያ ያሳየኝ፣ በወር የሚቆጥረው ነው። በአውራ ጣቱ አንድ በአንድ ዘጋቸው፤ እሱን፣ ቀይዋን፣ ቀበሮዋን፣ አንበሳውን። ከዚያ እጄን ያዘኝ። እጁ ደረቅና ቀላል ሆኖ ነበር።

"የቢሮው ይሻላል ማለት ነው" አለኝ ቀስ ብሎ። "እንዲያ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ልጄ።"

አለቀስኩ። አላባበለኝም፤ እስክጨርስ ጠበቀኝና፦

"ለወንድምሽ ግን እኔ ምንም አላውቅም። እሱ አይችለውም። አደራ" አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ወንድሜ እርጎውን ይዞ መጣ። እንደ ሁልጊዜው በሩ ላይ አስቁሞ "ጠርጥሯል እንዴ?" አለኝ።

"ኧረ ምንም" አልኩት።

አባዬ ከውስጥ ድምፃችንን ሰምቶ ኖሯል፤ "ግባ እንጂ! ጨጓራዬ ዛሬ ተሽሎኛል!" ብሎ ተጣራ።