የጎረቤቴ ዓሣ ነባሪ

ግቢያችን ውስጥ ቤት የተከራየችው የዩኒቨርሲቲ መምህርት ከሐዋሳ ስትመጣ ስለ ባሕር እንስሳት የሚያወራ የልጆች መጽሐፍ ይዛ መጣች። ልጅ የላትም። የእኔዋ የሰባት ዓመት ልጅ ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን በራችን ላይ ወርውራ እሷ ቤት ትገባለች። ስትወጣ ወሬዋ ሁሉ "ቲቸር እንዳለችው" ነው።

አንድ የጾም ቀን ምሳ ስንበላ፣ ዓሣ ነባሪ ዓሣ ስለሆነ እኛ ዘንድ ቢገኝ ኖሮ በጾምም ይበላ ነበር አልኩ። ልጄ ሳቀችብኝ።

"እማዬ፣ እሱ እኮ ልጁን ያጠባል፤ የፍስክ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ራሱ አይነካውም፤ ብርድ ልብሱን ከቆዳው ሥር ነው የሚለብሰው። ቲቸር ናት የነገረችኝ።"

ብርድ ልብስ ፋብሪካ የምሠራው እኔ ነኝ። ስለ ብርድ ልብስ የምትሰማው ግን ከእሷ ነው።

አዲስ አበባ የሄድኩ ቀን ከመምህርቷ መጽሐፍ የሚተልቅ የዓሣ ነባሪ መጽሐፍ ገዛሁ። እሁድ ከሰዓት አንድ ጋቢ ለብሰን አልጋ ላይ ተቀመጥንና አነበብኩላት። ግልገሉ ጡት እስኪጥል ድረስ ከእናቱ ጎን አይርቅም የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። ከጎረቤቴ ጋር የሚለየን ግድግዳ ስስ ነው፤ ትስማ ብዬ ነው።

ልጄ አፏን ከፍታ አዳመጠችኝ። ደስ አለኝ። ወዲያው መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።

"ወዴት ነው?" አልኳት።

"ይህንን ቲቸር አታውቀውም፤ ሄጄ ልንገራት።"