ከሰሚራ የደበቅኩት ፋይል

ባለፈው ሳምንት በቅርቡ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት መሐንዲስ፣ ወረቀቶቹን እንድመለከትለት ዙሪክ ያለው ቢሮዬ ድረስ መጣ። ዲግሪው አለ፣ ውጤቱም አለ፤ የተማረው ትምህርት በዝርዝር የተጻፈበት ሰነድ ግን የለም። "የክፍል ጓደኛህን ለምን አትጠይቅም?" ልለው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

ከሃያ ዓመት በፊት፣ በባሌ የመኖሪያ ፈቃድ መጥቼ እዚሁ ዙሪክ፣ አልትሽቴተን ሰፈር ቢሮ አጸዳ ነበር፤ የውሃ ምህንድስና ዲግሪዬን ይዤ። የክፍል ጓደኛዬ ሰሚራ፣ የወሎ ልጅ ናት፣ ለስድስት ወር ሥልጠና ጄኔቭ መጥታ ሳለ እዚያው ግራንድ ሳኮኔ የሚባል ሰፈር ያለ አንድ ድርጅት በሙያዋ ሊቀጥራት ፈለገ። ለሥራ ፈቃዱ ካንቶኑ፣ የክልሉ አስተዳደር ማለት ነው፣ የኮርሶቿን ዝርዝር በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ አምጪ አላት። ካላመጣች ወደ አገር ቤት ነው።

"ሂሩትዬ፣ አንቺ መቼም ወረቀት አትጥይም" አለችኝ በስልክ።

"እፈልግልሻለሁ" አልኳት። ምኑን እፈልጋለሁ፤ ለክፍላችን ሁሉ የሚያገለግለው የኮርስ ዝርዝር፣ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ፣ አልጋዬ ሥር ነበር። ቀናሁ፣ ሌላ ስም የለውም። ከኔ ደብተር እየገለበጠች ያለፈች ልጅ በሙያዋ ቢሮ ልትገባ፣ እኔ የሰው ቢሮ ልወለውል! እሁድ በጉባኤያችን ስለ ጉዳይዋ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጸለይኩ። ሰኞ ፋይሉን ሥራ ቦታ ወስጄ የልብስ ቁምሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ቅዳሜ በረዶ እየጣለ ራሷ በባቡር መጣች፣ የምስር ሳምቡሳ ቋጥራ። ካርቶኖቼን አንድ በአንድ አብረን አገላበጥን። እኔማ ላብ እስኪያጠምቀኝ ፈለግኩ። የምረቃ ፎቷችንን አንስታ፣ "አንቺ እኮ ከሁላችንም ትበልጪ ነበር" አለች። ፎቶውን ተቀብዬ ወደ ካርቶኑ መለስኩት፤ ያም ሆኖ ፋይሉን አልሰጠኋትም።

ወንድሟ ከደሴ አዲስ አበባ ድረስ ተሳፍሮ፣ የዩኒቨርሲቲያችን ሬጂስትራር ደጅ ሁለት ቀን ቆሞ ዝርዝሩን አስወጣላት፤ ለጥቂት ደረሰ። ፈቃዱን ባገኘች ሳምንት፣ ዲግሪዋ ተቀባይነት ያገኘበትን ውሳኔ ቅጂ ላከችልኝ። "ትምህርታችን አንድ ነው፤ ይሄን አያይዘሽ አመልክቺ" የሚል ማስታወሻ ነበረበት። ከቁምሳጥኑ ያወጣሁትን ፋይል ከሷ ውሳኔ ጋር አያይዤ አመለከትኩ። ዛሬ የምሠራበት ሙያ የተከፈተልኝ በዚያ ነው።

ሰነዱን ከሬጂስትራር የሚያወጣበትን መንገድ እንድትነግረው ለወጣቱ የሰሚራን ስልክ ሰጠሁት። ትናንት ደወለችልኝ።

"ለልጁ ነገርኩት" አለች እየሳቀች፣ "ሂሩት ለኔ ስትል ቤቷን እንዴት እንዳተራመሰች።"

ሃያ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ለሰው ስታወራ ሰምቻለሁ፤ አንድ ቀን አላረምኳትም። ዛሬም እቀናባታለሁ። ያን የመሰለ ጓደኛ እንዳላት አምና ትኖራለች።