ሽታዬ ልጆቿን ወደ ጎርጎራ ያወረደችበት ቀን

ሽታዬ ባሏ ደምቢያ ወርዶ በንዳድ ከሞተ ወዲህ ጎንደር ከተማ ጥጥ እየፈተለች ሁለት ልጆቿን ታሳድግ ነበር። ሰው ሲስቅላት እንኳ ምን ፈልጎ ይሆን የምትል ሴት ናት። ጣሊያን ከወጣ በአሥረኛው ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ የሟቹ ታላቅ ወንድም ክንዱ ከደምቢያ መጣና ልጆቹን ለግማሽ ቀን ጎርጎራ ወስጄ ባሕሩን ላሳያቸው አለ። ማለዳ እህል ሊጭን የሚወርድ ማኪና አለ፤ ከቀትር በኋላ በዚያው ይመለሳሉ።

ነገሩ ሸጋ ነበር፤ እሷን ግን ከነከናት። ሁለት ዓመት ደጇን ያልረገጠ ሰው ዛሬ ምን ባሕር አሳሰበው? ዳሩ ግን የስድስት ዓመቱ የሻው ሰምቶ ኖሮ፣ ባሕሩ ከቀሃ ወንዝ ይበልጥ እንደሆነ ይጠይቅ ጀመር። ታናሽ እህቱ ታየችም ነጠላዋን ፍለጋ ሮጠች። ሽታዬ እኔም አብሬ እወርዳለሁ አለች። ክንዱ የሻውን አየት አድርጎ ተስማማ። አስተያየቱን ልብ አለችው።

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ዳቦ፣ የተቆላ ሽምብራና በቅል ውሃ ያዘች፤ የቆላውን ውሃ አታምነውም። ክንዱ የየሻውን ጋቢም እንድትይዝ ነገራት።

«ለግማሽ ቀን ጋቢ ምን ይሠራል?»

«ነፋስ አለ» አላት።

«ለታየችስ ነፋሱ አይነፍስም?»

ክንዱ ወደ ማኪናው ቀደመ። መንገዱን ሁሉ ጆንያ ላይ ተቀምጣ የሻውን በጉልበቷ መሐል አጥብቃ ያዘችው።

ጎርጎራ ሲደርሱ ልጆቹ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ውሃው ውስጥ ገቡ። ታንኳ ባለፈ ቁጥር ይጮኻሉ። ሽታዬም እግሯን ነክራ ጥቂት ፈገግ አለች። ዞር ስትል ግን ከወርካው ሥር አንዲት አሮጊት የተጫነች በቅሎ ይዘው ቆመዋል። አማቷ ወይዘሮ እንኳየሁ ናቸው። ከቀብሩ ቀን ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም።

«አያ ክንዱ፣ በቅሎዋ ለማን ነው?»

አልዋሻትም። የወንድሙን መሬት ልጁ መጥቶ ካልያዘው ሌላ ዘመድ እንደሚወስደው፣ ስለዚህም የሻው እስከ ፋሲካ እነሱ ዘንድ እንዲቆይ እንዳሰቡ ነገራት።

«እኔን ሳትጠይቁ?»

«ብንጠይቅሽ እሺ ትያለሽ?»

«አልልም» አለችው።

ይህን ሲባባሉ የሻው ውሃ እየተንጠባጠበ መጣ። ወይዘሮ እንኳየሁ በርከክ ብለው እግሩን በነጠላቸው አደረቁለት፤ የአባቱ እግር ነው ከማለት በቀር ስለ መሬቱ አላነሡም። ከዚያ የተጠበሰ ዓሣና እንጀራ ዘረጉ። ሽታዬ ልጆቹ እንዳይነኩ ከልክላ አስቀድማ ራሷ ጎረሰች። አሮጊቷ አይተዋታል።

«ቅመሺ» አሏት ቀስ ብለው። «እኔም ብሆን እቀምስ ነበር።»

ሽታዬ አፈረች፤ ቢሆንም ሁለተኛውንም ዓሣ ቀመሰች። በሰባት ሰዓት ሁለቱንም ልጆች ይዛ ማኪናው ላይ ወጣች፤ የከለከላት የለም።

መሬቱን ሽማግሌዎች በልጁ ስም አድርገው ለክንዱ እንዲያርሰው ሰጡት። ሽታዬ በየጥቅምቱ ልጆቿን ታወርዳለች፤ በዚያው ቀን ትመልሳለች። የሻው ጎረምሳ ሆኖ አያቴ ዘንድ አንድ ቀን ልደር ብሎ በለመናት ጊዜ ብዙ አሰበችና ፈቀደችለት። እሷም አብራ አደረች።