እትዬ ሜትር የምትለካው ትከሻ

ሰፈሩ የሚያወራው እንዲህ ነው፦ እትዬ ሜትር የሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ ውስጥ የተቋጠረ ክር ቀብራ ሠርግ አፈረሰች። አንዳንዱ ክሩ ጥቁር ነበር ይላል፤ አንዳንዱ የእባብ ቆዳ ጨምሮበታል። ወሬ መቼም በገባበት ቤት ሁሉ አንድ ቁራሽ ሳይጎርስ አይወጣም፤ ወፍሮ ወፍሮ ሲመለስ የወለደችው እናቱ እንኳ አታውቀውም።

ክርም የለም፣ እባብም የለም። ያለው ሜትር ነው። እትዬ ሜትር በታላቅ ወንድሟ ልብስ ስፌት ቤት ልኬት የምትወስድ ሴት ናት። ስትለካ ሰው ዝም እንዲላት አትወድም፤ ዝም ያለ ሰው ሆዱን ይስባል፣ ኋላ ልብሱ ጠበበኝ ብሎ ይመጣል። ስለዚህ ስፒሎቿን በከንፈሯ እንደያዘች «ይሄን የት ልትለብሰው ነው?» ትላለች። ሰውየው በአፉ ሲመልስ እጇ ሥር ያለው ትከሻ ደግሞ የራሱን ይናገራል። የሚወደውን ነገር ሲያወራ እንደ ተፈታ ቋጠሮ ዝቅ ይላል፤ የማይወደውን ሲያወራ ጆሮ ፍለጋ ሽቅብ ይወጣል።

ያቺ ሙሽራ የእጮኛዋን ስም በጠራች ቁጥር ትከሻዋ እየተሰቀለ እጅጌው አልለካ አለ። እትዬ ሜትር ስፒሎቿን ከአፏ አወጣች።

«የኔ እህት፣ ቀሚሱን የምሰፋው ለአንቺ ነው ወይስ ለልብስ መስቀያ?»

ሙሽራዋ መስታወቱ ፊት ቆማ አለቀሰች፤ ቀሚሱንም ሳታዝዝ ሄደች፤ ሠርጉም ቀረ። ጥንቆላ የተባለው ይሄው ነው።

ከዚያ ወዲያ ሰው ቁልፍ ሊያስተክል እየመጣ ኑሮውን ያስለካ ጀመር። ሥራዬን ልልቀቅ ወይ? በዚህ ዕድሜዬ ልማር ወይ? እሷ ልቀቅም፣ ተማርም አትልም። «እስቲ ድገመው» ብላ ትከሻውን በመስታወት ታሳየዋለች። የቀረውን እሱው ይጨርሰዋል።

ስታ አታውቅም አልልም። አንድ የመጋዘን ሠራተኛ «ኃላፊ ሊያደርጉኝ ነው» ሲላት ትከሻው ሽቅብ ወጣ፤ እሷም አሳየችው፤ እሱም ዕድገቱን እምቢ አለ። ለካ ሰውዬው አንገቱ ሥር ብጉንጅ ወጥቶበት ኖሯል! ብጉንጁ ሲፈርጥ ትከሻው ወረደ፤ ወንበሩ ግን ሌላ ሰው ተቀምጦበታል። በሩ ላይ ቆሞ ያወረደባትን ስድብ ሰፈሩ እስካሁን እየተዋሰ ይጠቀምበታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሜትሯን ከመዘርጋቷ በፊት «አንገትህን ያምሃል?» ብላ ትጠይቃለች።

አንድ ቀን ጃኬት ልታስጠብብ የመጣች ሴት ሥራዋ ሰው ምኞቱን እንዲለይ መርዳት፣ የሕይወት አሰልጣኝነት የሚሉት፣ ሆኖ ተገኘ። እትዬ ሜትር እንደ ልማዷ ልትጠይቃት ስትል፣ ሴትዮዋ ወሬዋን ሰምታ ኖሮ ቀደመቻት።

«አንቺስ? ለራስሽ የምትመኚው ምንድን ነው?»

ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራትን ሴት ይሄን ጠይቋት የሚያውቅ ፍጡር አልነበረም። መልሱ ግን ተተኩሶ የተቀመጠ ሸሚዝ ይመስል ወዲያው ወጣ። «የራሴን ልብስ ስፌት ቤት መክፈት።»

«እስቲ ድገሚው» አለች አሰልጣኟ፣ መስታወቱን በአገጯ እያመለከተች።

ደገመችው። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴት ትከሻ ጉትቻዋን ሊነካ ምንም አልቀረው። እትዬ ሜትር በድንጋጤ አንገቷን ዳሰሰች። ብጉንጅ የለም።

«እንግዲህ የምትወጂው ልብሱን አይደለማ» አለች ሴትዮዋ።

«ሰው ነው» አለች እትዬ ሜትር ቀስ ብላ። «ሰው ማዳመጥ ነው የምወደው። ልብሱ ሰበብ ነው።» ይሄን ስትል ትከሻዋ እንደ ራሰ ጨርቅ ወረደ።

እትዬ ሜትር ሴትዮዋ የምትሰጠውን ሥልጠና ተማረች። ከስፌት ቤቱ በላይ ያለችውን ጠባብ ክፍል ተከራይታ ሁለት ወንበርና አንድ መስታወት አስገባች። በሩ ላይ «የሕይወት አማካሪ» የሚል ሰሌዳ ሰቀለች። ሰሌዳው በተሰቀለ ማግሥት ወንድሟ የስፌት መኪኖቹን አስቁሞ፣ ሚስቱን ከጎኑ አስቀምጦ ጠበቃት።

«ምክር እኮ በየቤቱ በነፃ የሚበተን ነገር ነው! ማን ከፍሎ ይገዛሻል?»

«ያንተን ማለትህ ነው ጋሼ? እሱንማ በነፃም የሚያነሳው ጠፋ።»

የወንድሟ ሚስት ሳቋ አምልጧት በመዳፏ አፈነችው፤ ከማን ወገን እንደሆነች ትዝ ሲላት ደግሞ «ሰው ጠንቋይ እያለሽ ምን ነካሽ?» አለች።

«እንደዚያ ካሉኝማ ወሬው ይበቃኝ ነበር፤ ሰሌዳውን በከንቱ ነው ያሠራሁት።»

ወንድሟ ጠረጴዛውን ደለቀ። «ወይ ሰሌዳው ወይ ይሄ የስፌት መኪና! አንዱን ምረጪ! እኔ አባታችን የተወልኝን ሱቅ ይዤ ስኖር መቼ አማረርኩ? ሰው ያለውን ይዞ ይኖራል እንጂ ቀልቤ እንዲህ አለኝ እያለ አይቅበዘበዝም!»

እትዬ ሜትር መቀሷንና የሱቁን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «መኪናውን ለሚፈልገው ስጠው። ሰሌዳው አይወርድም።»

«ትራቢያለሽ!»

«ልራብ። ጠግቤም አይተኸኛል፤ ትከሻዬ እዚህ ነበር» ብላ ጆሮዋን ነካች።

ልትወጣ ስትል ዞራ አየችው። የወንድሟን ኮት ዕድሜ ልኳን ትከሻውን ከፍ አድርጋ ነበር የምትቆርጠው፤ አፈጣጠሩ ነው ብላ። አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር ሳብ አደረገችው።

«ጋሼ፣ አንገትህን ያምሃል?»

«ምንም አያመኝም! ምን አገናኘው?»

«እንግዲያው እስቲ ‹ይሄን ሱቅ እወደዋለሁ› በል።»

«ይሄን ሱቅ...» ብሎ ሲጀምር የወንድሟ ትከሻ ወደ ጆሮው ወጣ። ሚስቱ የምታየው አፉን ሳይሆን ትከሻውን ነበር።

«አትቸኩል ጋሼ» አለች እትዬ ሜትር በሩን እየከፈተች። «ሲመቸህ ና። መስታወቱ ፎቅ ላይ ነው።»