በቮልሷ ጣሪያ የወጣሁ ዕለት

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና በየካቲት ወር፣ ቢቸና፣ አባቴ ግቢ ውስጥ ነው። ሰው ሲያወራው ያስቃል። እኔም ከሰው ጋር ሆኜ ስሰማው እስቃለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን ትዝ የሚለኝ ሳቁ ሳይሆን እዚያ ውስጥ ተዘግቶብኝ የሰማሁት ነው። አንድ ጊዜ በሥርዓቱ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

አባቴ ከግብርና ጽሕፈት ቤት ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እሱ ብቻ ነን። ሞጣ ሳስተምር ቆይቼ ወደ ቢቸና የተዛወርኩትም ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ነበር። ስመጣ ግን ብቻውን አልነበረም፤ ቮልሱ ነበረችው።

ቮልሷ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ጣሪያዋ ላይ፣ ከውስጥ በእጅ ሲዘወር ወደ ኋላ እየተንሸራተተ የሚከፈት የብረት ክዳን ነበራት። ልጅ ሳለሁ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ስታስገባ አባቴ ተናደደና ክዳኑን አስነቅሎ ቀዳዳውን በላሜራ አስበየደው። ክዳኑም ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ተሸጠ። ጡረታ ወጥቶ መኪናዋን ማደስ ሲጀምር ታዲያ እንቅልፍ የነሳው ያ ክዳን ሆነ። ላሜራውን አስቆርጦ ቀዳዳውን ከፈተውና ምትክ ፍለጋ ያልጠየቀው ሰው አልነበረም። «እንደ ፋብሪካዋ ካልሆነች ምኑን ታደሰች?» ይላል። ለእናቴም እንዲህ የተጨነቀላት አይመስለኝም።

ክዳኑን ያገኘለት ሙሉቀን ነው። ሙሉቀን ሞጣ ሳስተምር እዚያው ትምህርት ቤት የነበረ የሒሳብ መምህር ነው፤ ጨዋ፣ ዝምተኛ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። ሞጣ አንድ የታወቁ ሐጂ መጋዘን ውስጥ የተጣለች ቮልስ እንዳለች ሰምቶ፣ ለምኖ፣ ክዳኑን ከነሐዲዱና ከነመዘወሪያው አስነቀለ። ከዚያም አውቶብስ ላይ አስጭኖ በደብረ ወርቅ በኩል ቢቸና ድረስ ይዞት መጣ። አባቴ ያን ቀን አቅፎ ሳመው።

ከዚያ ወዲህ ሙሉቀን እሑድ እሑድ ይመጣ ጀመር። ከአባቴ ጋር ስለ ሐዲድና ስለ ሽቦ ገመድ ያወራሉ። እኔ ሻይ አቀርባለሁ፣ ካቻቢቴ አቀብላለሁ። እኔን የሚጠይቀኝ «ተማሪዎች እንዴት ናቸው?» ብቻ ነው። «ደህና ናቸው» እለዋለሁ። እግዜር ያሳያችሁ፣ በመካከላችን ሌላ ነገር ተነግሮ አያውቅም።

ያን እሑድ ሙሉቀን አልመጣም። አባቴ ግን ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰ ክዳኑን ለመግጠም ተነሣ። ሰንበት እኮ ነው ስለው «ይሄ ሥራ አይደለም፣ ጨዋታ ነው» አለኝ።

አገጣጠሙ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ክዳኑ የሚሳበው በግራና በቀኝ ባሉ ሁለት የሽቦ ገመዶች ነው። ሁለቱ እኩል ካልሄዱ ክዳኑ ይንጋደድና ይነክሳል። ስለዚህ አባቴ ከውጭ ክዳኑን በእጁ እያስተካከለ፣ እኔ ከውስጥ ልዘውር ተባባልን። አሮጌ ቱታ ለብሼ፣ ጸጉሬን በሻሽ አስሬ ገባሁ።

መኪናዋ ገና ቀለም ልትቀባ ነበርና መስኮቶቿ በሙሉ በጋዜጣ ተሸፍነዋል። የፊት ወንበሮቿ ወጥተዋል፤ የተቀመጥኩት በተደፋ ጄሪካን ላይ ነው። የበሮቿ የውስጥ እጀታና የመስኮት ማውረጃዎቿም ተፈትተው በካርቶን ተቀምጠዋል። በሯ ከውጭ እንጂ ከውስጥ አትከፈትም ማለት ነው። አባቴ ሁለቱንም በሮች ዘጋቸው። «በር ክፍት ሲሆን ጣሪያው ይለመጣል፤ ተዘግቶ ነው የሚለካው» አለ።

ዘወርኩ። ክዳኑ በላዬ ላይ ቀስ እያለ መጣ፤ ብርሃኑም እየጠበበ ሄደ። «ጥሩ! ጥሩ! ጨርሺው!» ይላል አባቴ። ሊገጥም ትንሽ ሲቀረው ቀጭ አለና ቆመ። ወደ ፊት ስለው እምቢ፣ ወደ ኋላ ስለው እምቢ። በአንድ ወገን ጠባብ የብርሃን መስመር ብቻ ቀረችኝ።

«አባዬ፣ ነከሰ!» አልኩት።

በዚህ መሃል የግቢው በር ተንኳኳ። አባቴ ሄዶ ከፈተ። ድምፅ ሰማሁ፣ ሰላምታ ሰማሁ፣ ከዚያ የአባቴ ጫማ እየሮጠ ሲመጣ ሰማሁ። አፉን ከመስኮቱ አስጠግቶ በሹክሹክታ «እመቤት! ሽማግሌዎች ናቸው፣ ከሞጣ! በዚህ ልብስ እንዳያዩሽ። ቤት ላስገባቸውና መጥቼ አወጣሻለሁ። በእናትሽ፣ ድምፅሽን እንዳታሰሚ!» አለኝ።

እኔም ሞኟ እሺ አልኩ። ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቷ አትታይም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። በግራሶ ተለቅልቆ መታየት ደግሞ ጨርሶ የማይታሰብ ነው። አባቴ ወደ ቤት ያስገባቸዋል፣ እኔ በጓሮ ዞሬ እታጠባለሁ፣ በቃ።

ሽማግሌዎቹ ግን አልገቡም።

«ግቡ እንጂ፣ ግቡ» ይላል አባቴ።

«እግዜር ይስጥልን፣ አቶ አዱኛ። ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ። ድምፁን ዐወቅሁት። ሞጣ ሳለሁ በዓል በመጣ ቁጥር የምሰማቸው መሪጌታ ናቸው።

የቆሙት ከመኪናዋ አጠገብ፣ እሷ ከምትቆምበት የቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። በጋዜጣው ስንጥቅ የጋቢ ጫፍና የአንድ ሽማግሌ ነጭ ኮፍያ ይታየኛል። ኮፍያው የሐጂ ነው፤ ክዳኑን የሰጡት ሐጂ። ሦስተኛው ከወዲያ ቆመዋልና አላየኋቸውም፤ የሙሉቀን አጎት መሆናቸውን በኋላ ነው የሰማሁት። አባቴ ደግሞ መጥቶ ጀርባውን ከእኔ በር ላይ አስደገፈ። በሩ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። ደክሞት ይሁን ወይስ እንዳልወጣ ብሎ አላወቅሁም።

መሪጌታ መረቁ፣ ዘር ቆጠሩ፣ ስለ ጨዋ ቤተሰብ ተናገሩ። ቀጥለው «የሞጣው ልጃችን ሙሉቀን ልጅዎን እመቤትን ለትዳር ፈልጓል። ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አሉ።

እኔን! ተማሪዎች እንዴት ናቸው ለሚለኝ ሰው!

በመጀመሪያ ሳቄ መጣ። አፌን በሻሼ ጫፍ ያዝኩ። ቀጥሎ ሳቁ ጠፋና ትንፋሼ ያጥረኝ ጀመር። ፀሐይ ቆርቆሮውን አግላዋለች፣ ለቀለሙ የተቀመጠው የቲነር ሽታ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ስልኬ ቤት ነው። ክላክስ እንዳልነካ መኪናዋ ባትሪ የላትም። መዘወሪያውን ቀስ ብዬ ሞከርኩት፤ ንቅንቅ አልል አለ።

እውነቱን ለመናገር ግን አንድ ጊዜ በቡጢ መስኮቱን ብመታ ይሰሙኝ ነበር። ያላስመታኝ ይሉኝታ ነው። ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች ከሞጣ ድረስ መጥተው፣ አባቴ እንደዚያ ለምኖኝ፣ እንዴት አድርጌ? ዝም አልኩ። ዝም ብዬም የገዛ ራሴን ጉዳይ እንደ ጎረቤት ወሬ አዳመጥኩ።

አባቴ እንደ ወጉ ማቅማማት ነበረበት። «ዘመድ ላማክር፣ ቀጠሮ ልስጥ» ማለት ነበረበት። እኔም የምጠብቀው ያንን ነው፤ ቀጠሮ ከሰጠ ማታ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።

«ልጆቹ ተስማምተዋል፤ እባክዎ በቀጠሮ አያመላልሱን» አሉ መሪጌታ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠራረገ። ያ ድምፁ ደስ ሲለው የሚያወጣው ነው። «እንግዲህ ልጆቹ ከተስማሙ… እኔ ሙሉቀንን እንደ ልጄ ነው የማየው… እኔ ምን እላለሁ?»

ለማያውቅ ሰው ልንገር። በእኛ አገር አባት በሽማግሌ ፊት ቃሉን ከሰጠ በኋላ ያንን ቃል መመለስ ማለት አባትን በአደባባይ ማዋረድ ነው። እኔ ደግሞ አባቴን ማዋረድ አልችልም፤ ራሴን አውቃለሁ። ያቺ ቃል ከአፉ ከወጣች ባልወደውም አገባዋለሁ። ሁሉም ነገር የቀረው ለአንዲት «እሺ» ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን በቅጡ አላስታውስም። ጄሪካኑ ላይ መቆሜን፣ በጀርባዬና በጭንቅላቴ ክዳኑን መግፋቴን አስታውሳለሁ። ብሎኖቹ ገና አልታሰሩም ነበር። ክዳኑ ጓ ብሎ ከሐዲዱ ወጣ፣ በመኪናዋ ጀርባ ተንሸራቶ መሬት ላይ ወደቀ። እኔም እስከ ወገቤ በጣሪያው ብቅ አልኩ።

«በስመ አብ!» ብለው መሪጌታ ወደ ኋላ ዘለሉ።

ሻሼ ወልቋል፣ ግንባሬ ግራሶ ብቻ ነው። ብዙ ነገር ልናገር አስቤ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «አባዬ፣ እኔን ማንም አልጠየቀኝም!» የሚል ብቻ ነው። እሱንም ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

ሐጂ ቀረብ ብለው አባቴን በእጃቸው ምልክት ዞር አደረጉትና የመኪናዋን በር ከፈቱት። «በበሩ ውጪ፣ ልጄ» አሉኝ። በሩ እንዲያ በቀላሉ ተከፈተ። ወርጄ በበሩ ወጣሁ።

«ልጁ አላነጋገረሽም?» አሉ መሪጌታ።

«ስለ ክዳኑ አነጋግሮኛል።»

መሪጌታ ወደ አባቴ ዞሩ። «እኛስ ተስማምተዋል ተብለን ነው የተላክነው። እርስዎ አልጠየቋትም?»

«የምትወደው መስሎኝ» አለ አባቴ። «ሲመጣ ሻይ ታቀርብለታለች…»

«ለመብራት ቆጣሪ አንባቢውም ሻይ አቀርባለሁ!» አልኩ። ሐጂ ፊታቸውን አዙረው ሲስቁ አየኋቸው።

ከዚያ ሐጂ ሳቃቸውን አቁመው «እንግዲህ ሌላው ካልጠየቀሽ እኛ እንጠይቅሽ። ይህን ልጅ ትፈልጊዋለሽ?» አሉኝ።

የመጀመሪያው ጠያቂ እሳቸው ሆኑ። መልሱ በአፌ የነበረ መስሎኝ ነበር፤ ሲጠይቁኝ ግን ጥቂት ዘገየሁ። አባቴን አየሁት። መሬት መሬት ያያል፣ በእጁ የያዘውን ጨርቅ ያሻሻል። አሳዘነኝ። ቢሆንም «አልፈልግም» አልኩ።

አባቴ ቀና አለ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። «ሰምታችኋል» አለ ለሽማግሌዎቹ፣ ድምፁ ትንሽ ተሰብሮ። «የእኔም መልስ የእሷ ነው። እንዲህ አድክሜያችሁ… ይቅር በሉኝ። ክዳኑንም እመልሳለሁ።»

«የምን መመለስ!» አሉ ሐጂ። «እኔ ክዳን የሰጠሁት ለመኪና ነው እንጂ ለጥሎሽ አይደለም።»

ምሳ ሳይቀምሱ ሄዱ። ምን ብንለምን እሺ አላሉም።

ሙሉቀን በዚያው ሰሞን ደወለልኝ። ሲደውልልኝ የመጀመሪያው ነበር። «ከአባትሽ ጋር በጣም ስለተግባባን…» ብሎ ጀመረ። እንግዲያስ እሱን አግባ ልለው አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት፤ ድምፁ ያሳዝን ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። ባለፈው ጥር ማግባቱን ሰምቼ ከልቤ ደስ ብሎኛል።

አባቴ ለብዙ ቀን አኮረፈኝ። ክዳኑን ከጎረቤት ጋር ሆኖ ገጠመው። ዛሬ ቮልሷ ቢቸና ከተማ ጣሪያዋን ከፍታ ትሄዳለች። እኔ ደግሞ በጣሪያ የወጣችው አስተማሪ ተብያለሁ፤ ተማሪዎቼ ሳይቀሩ ያውቃሉ።

ስሙ አያሳፍረኝም። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ያን ዕለት ይሉኝታው ቢበረታብኝና እዚያ ጄሪካን ላይ ዝም ብዬ ብቀመጥ ኖሮ፣ ዛሬ ሞጣ የሙሉቀን ሚስት ነበርኩ። ሰውየው ደግ ነው፤ ምናልባትም ደስተኛ እሆን ነበር። ልጅ ወልጄ፣ ቤት ሠርቼ፣ አባቴም ኮርቶብኝ። ደስታዬም እንዳልጠየቁኝ ያስረሳኝ ነበር።