በገ/መድኅን ስም መካከል ያለችው እዝባር

ስደቱን የሚያወራ ሰው ሁሉ «ሌሊት ወጣሁ» ይላል። እኔና ባለቤቴ ገብረመድኅን ግን ከጎንደር የወጣነው በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየን ነው። በደርግ አገር ሌሊት መንቀሳቀስ ብቻውን ያስጠይቃል፤ ቀን ለቀን ገበያተኛን ግን ማን ልብ ይለዋል። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነበርሁ፣ እሱ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠራተኛ። አንድ ጊዜ ታስሮ ተፈትቷል። ቀበሌው ዳግመኛ ሲጠራው፣ ሁለተኛ ገብቶ የወጣ ሰው አላየንምና፣ አይከል የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ወጣን። እናቴ ስትሸኘን አላለቀሰችም። ጎረቤት ያያል ብላ ነው።

ከአይከል ወዲያ የመራን አያ ውባለም የሚባል የጭልጋ ገበሬ ነው። አህዮቹን ኑግ ጭኖ ከፊት ከፊታችን ይነዳል። እኔ ፍርሃቱ እግሬን ቢያፈጥነው ዞር ብሎ አየኝ።

«ምነው ትሮጫለሽ? ገበያ የሚሄድ ሰው እንዲህ አይሮጥም። እየተጨቃጨቅሽ ሂጅ።»

«ከማን ጋር?»

«ባል አለሽ አይደል።»

እኔም ካገባሁት ጀምሮ በሆዴ የያዝሁትን ሁሉ አወረድሁበት። ኬላው ላይ የነበሩት ሚሊሻዎች ቆመው ሰሙን፤ አንደኛው ገብረመድኅንን በሐዘኔታ አይቶ «እለፍ ወንድሜ» አለው። የተጠየቅነው ጥያቄ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ቆላ፣ ጥሙ፣ ወባው፣ መተማ ላይ የተሻገርነው ደረቅ ወንዝ፣ ያለፈበት ያውቀዋል፤ ያላለፈበት ባያውቀው ይሻላል።

ካርቱም ደርሰን የስደተኛ ካርድ ስናወጣ ስማችንን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ ተባልን። ገብረመድኅን አገር ቤት እንደለመደው አሳጥሮ «ገ/መድኅን» ብሎ፣ ገን በእንግሊዝኛው ጂ አድርጎ ጻፈ። ማን ሙሉውን ይጽፋል? ያቺን ዘንበል ያለች ሰረዝ፣ እዝባር የምንላትን፣ የመዝገብ ቤት ሹምም የእድር ጸሐፊም ጣል ሲያደርጋት ነው የኖረው። ካርዱ በዚያው ታተመ። እኔ ሳንባዬን ታምሜ ስለነበር ስዊድን ቀድማ ተቀበለችኝ፤ እሱ የመጥሪያ ደብዳቤ ሲላክለት ይከተለኛል ተባለ። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ «ቶሎ ነው» አለኝ። እኔም አምኜው ሄድሁ።

ስለ ስዊድን ብርድ ምን ብዬ ልንገራችሁ። ከጎንደር በላይ ደጋው ኮሶዬ ላይ መኪና ቆሞ ስንወርድ «ይሄ ብርድ ሰው ይገድላል» ስል የነበርሁት እኔ ነኝ፤ ኮሶዬ ይቅር ትበለኝ። ሥጋውን በማርማላታ ይበሉታል፤ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፣ የሳቀ ግን እኔ ብቻ ነበርሁ። ሰውን በዕድሜም በማዕረግም አንቱ ማለት የለም። የመጀመሪያ ቀን ሽሮ ስሠራ አከራይዋ እየሮጠች መጣች።

«ምን እየተቃጠለ ነው?»

«ራት ነው።»

«እሱንማ አየሁ። የሚቃጠለው የቱ ነው?»

ሕክምናው ተሳካልኝ፣ ቋንቋውም ገባኝ። የገብረመድኅን ነገር ግን ቆመ። በከተማችን የስደተኞችን ጉዳይ የሚይዘው ሰው አቶ ኧበርግ ይባላል፤ ለጡረታ የተቃረበ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። የስሙ መጀመሪያ ከላይ ሁለት ነጥብ ያላት የስዊድኖች ኦ ናት፤ ድምፅዋ የእኛን ኧ ትመስላለች። አንተ በይኝ አለኝ፤ አፌ እንቢ ስላለኝ በልቤ አያ ኧበርግ እለው ነበር። አንድ ቀን አስጠራኝ።

«ካርቱም ያለው ኤምባሲ የባልሽን ደብዳቤ መለሰው። ስሙ ጂ ብቻ ነው የሚለው።»

«ባሌ ጂ አይደለም።»

«መዝገባችን ላይ ልክ ነው። ማሽኑ ሲያትመው ነው ጂ የሚሆነው።»

«እንግዲያ በእጅ ጻፉት።»

«በእጅ የተጻፈ ኤምባሲው አይቀበልም።»

«በማሽን የተጻፈውንስ መቼ ተቀበለ?»

አሰበበት። «እውነትሽን ነው» አለና ቡና ቀዳልኝ።

ስሙን ያለ እዝባር ሙሉውን ጻፉታ አልሁት። ካርዱ ላይ እዝባር ስላለ፣ ፊደል በፊደል ካልገጠመ ሌላ ሰው ነው ይሉናል አለኝ። ደብዳቤው እንደገና ታተመ፤ እንደገና ጂ። ተልኮ ተመለሰ። ገብረመድኅን ካርቱም ውስጥ ፖሊስ ወረቀት የሌለውን እያፈሰ ወደ ጠረፍ እየመለሰ መሆኑን ጻፈልኝ፤ የሱም ፈቃድ ሊያልቅ ተቃርቧል። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ያን ሁሉ ቆላ አብረን አቋርጠን፣ አንዲት ሰረዝ ትለየን?

የሒሳብ አስተማሪ ነበርሁ ስላልሁ የኮምፒዩተር ትምህርት ቤት አስገብተውኝ ነበር። አስተማሪያችን ማርጋሬታ አንድ ጠዋት ቢሮዎች ደብዳቤ እንዴት እንደሚያትሙ አሳየችን። ማሽኑ ውስጥ አንድ እናት ደብዳቤ አለ፤ የስም ቦታው ክፍት ነው። ማሽኑ ከመዝገቡ ስም እያመጣ ክፍቱን ይሞላል፣ ለሺህ ሰው ሺህ ደብዳቤ ያወጣል። እናት ደብዳቤው የሚጻፍበት የራሱ ቋንቋ አለው፤ በዚያ ቋንቋ አንዳንድ ምልክት እንደ ምልክት አይቆጠርም፣ ትእዛዝ ነው።

«ለምሳሌ ይህች» ብላ ሰሌዳው ላይ እዝባር ሠራች። «ማሽኑ ይህችን ሲያይ፣ ከዚህ በኋላ መስመሩ እስኪያልቅ ያለውን አታትም፣ ዝለለው ማለት ነው ብሎ ይረዳል።»

እጄን አወጣሁ። «ሰው ስሙ ውስጥ ይህች ምልክት ብትኖርስ?»

«እንዲህ ያለ ስም አላጋጠመኝም። ግን መፍትሔ አለው። ከፊቷ ሌላ ምልክት ታስገቢያለሽ፤ የምትከተለው ትእዛዝ አይደለችም፣ እንዳለች አትማት የሚል። ያ ምልክት ራሱ አይታተምም፤ መልእክቱን አድርሶ ይጠፋል።»

በዚያ ማሽን ይህን ሥራ የሚሠራው ምልክት ደግሞ ምን ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ነው፤ ሁለት ነጥብ ያላት ኦ። የእንግሊዝኛውን የቁልፍ ሰሌዳ ለራሳቸው ፊደል ሲያመቻቹ እሷ ላይ አርፎ ነው አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ኮቴን አንስቼ ወጣሁ።

አቶ ኧበርግ ጋ እያለከለክሁ ገባሁና ነገርሁት። በትዕግሥት ሰማኝ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ በሰው ስም ላይ ፊደል መጨመር አልችልም። ሕግ ነው።»

«ፊደሏ እኮ አትታተምም።»

«ካልታተመች ለምን እንጨምራታለን?»

«ሌላው እንዲታተም።»

ራሱን ነቀነቀ። ያን ጊዜ ነው ጠረጴዛው ላይ የተከፈተ ደብዳቤ ያየሁት፤ ከታች የሱ ፊርማ አለ፣ ከፊርማው ሥር በማሽን የታተመው ስሙ። ኧ የለችም። «በርግ» ብቻ ነው የሚለው።

«የእርስዎስ ስም ምን ሆኖ ነው?» አልሁት፤ አንቱታው አመለጠኝ።

ፊቱ ቀላ አለ። «ማሽኑ ከገባ ጀምሮ እንዲህ ነው። በእኛ ቋንቋ በርግ ተራራ ማለት ነው። ሰዎች ሁሉ ለአቶ ተራራ እያሉ ይመልሱልኛል። ሚስቴ ትስቃለች። ምንም አይደረግም ብዬ ተውሁት።»

«ይደረጋል። ማሽኑ የእርስዎን ኧ መልእክተኛ እያደረገ ነው የሚያጠፋት። እጥፍ አድርገው ይጻፏት። የፊተኛዋ ትጠፋለች፣ የኋለኛዋ ትታተማለች።»

ተነስቶ ቆመ። ከፊቴ እየቀደመ ወደ ማሽኑ ክፍል ወረደ። እዚያ የምትሠራዋ ሴት፣ ጉንቨር ትባላለች፣ ሁለታችንን አየችን፤ እሱ ስሙን በሁለት ኧ እንድትጽፈው ነገራት። «የሕጉ ነገርስ?» አለችው። «የራሴ ስም ነው» አላት። ማተሚያው እየጮኸ ወረቀቱን ገፋ ገፋ አደረገ። አቶ ኧበርግ ቆርጦ ወሰደና መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ለረጅም ጊዜ አየው። የስሙ ኧ ከነነጥቦቿ ቁጭ ብላለች።

«የባሏን አምጪው» አለ።

ጉንቨር ከእዝባሯ ፊት ያቺን ፊደል አስገባች። ማተሚያው ሲጮህ እኔ ዐይኔን ጨፍኜ ነበር። የገለጥሁት ጉንቨር ስሙን በስዊድንኛ አፏ እየጎተተች ስታነብ ነው፤ ጂ፣ እዝባር፣ መድኅን፣ ከዚያም የአባቱ ስም፣ አንድም ሳይጎድል። ወረቀቱን ስቀበላት እጄ ላይ ገና ይሞቅ ነበር። ስቄም አልቅሼም አላውቅም እንደዚያ፤ ሁለቱም አብረው መጡ። አቶ ኧበርግ መሐረብ ሰጠኝና ማኅተሙን ራሱ መታ።

ገብረመድኅን የደረሰ ዕለት በረዶ ይጥል ነበር። ከባቡሩ በካርቱም ሸሚዝ፣ አንድ ቦርሳ አንጠልጥሎ ወረደ። ካፖርት ስደርብለት «እንደ ኬላው ቀን ትሰድቢኝ መስሎኝ ፈርቼ ነበር» አለኝ፤ ጣቢያው መካከል ቆመን እንደ ሕፃን ሳቅን። ትምህርቴን ስጨርስ አቶ ኧበርግ ያን ማሽን የሚይዝ ሰው ሲፈልግ እኔን አስቀጠረ። ዛሬ ከዚያ ቢሮ የሚወጣ ደብዳቤ ላይ ኃ/ማርያምም፣ ወ/ገብርኤልም፣ ኧስተርሉንድም ሳይቆረጡ ይወጣሉ። ማሽኑ ስሙን ከመዝገብ ሲያመጣ ትእዛዝ ከሚመስል ምልክት ሁሉ ፊት ያቺን ፊደል በራሱ እንዲያስገባ አድርጌ ሠርቼዋለሁ፤ ጸሐፊዎቹ ማስታወስ አያስፈልጋቸውም። እውነቱን ለመናገር ኮርቼበታለሁ። ደብዳቤ ሲታተም አሁንም አንዳንዴ ሄጄ ቆሜ አያለሁ።

ባለፈው ጊዜ እናቴን በስልክ አገኘኋት። ቀጠሮ አስይዘን፣ እሷ ጎንደር ቴሌ ሄዳ ወንበር ላይ ስትጠብቅ ቆይታ ነው። መስመሩን ሌላ ሰው እንደሚሰማ ሁለታችንም ስለምናውቅ የገብረመድኅንን ስም አላነሳችም።

«ያ ዕቃ ደረሰልሽ ወይ?»

«ደረሰ እማዬ። ሳይሰበር ደረሰ።»

«ሸጋ። ሸጋ ነው ልጄ።» ትንፋሿ ይሰማኛል። «ሌላስ ምን አለ?»

መንገር አለመንገሩ አስጨንቆኝ ነበር፤ ግን ይሄን ማንም ቢሰማው ምን ያደርገናል። «ነፍሰ ጡር ነኝ» አልኋት።

እናቴ እልል አላለችም፤ ቴሌ ውስጥ ናት። ቀስ ብላ ማርያም ትቅረብሽ፣ ማርያም ትቅረብሽ አለች፣ ደጋገመችው።

«ስሙን አንቺ ነሽ የምታወጪለት» አልኋት። «እኛ ተስማምተናል።»

«ሳላየው?»

ገብረመድኅን ጆሮውን ወደ ስልኩ አስጠግቶ ይሰማል።

«ሳላየው እንዴት አድርጌ ስም አወጣለሁ፣ ስንዱ? መልኩን አይቼ ነው እንጂ። አምጭልኝና አወጣለታለሁ።»

«እሺ እማዬ» አልኋት። የቴሌዋ ልጅ ገብታ ጊዜው አልቋል አለችን።