ሾኔ ላይ የጠፋው «መዝግብ»

ባለፈው ሳምንት ሚስቴ በስልኳ የአውቶቡስ ትኬት ልትቆርጥ ስትሞክር «ቀጥል» የሚለው ቁልፍ ጠፋባት። የስልኩን ፊደል አተልቃው ስለነበር ቁልፉ ከስክሪኑ ሥር ወርዶ ቀርቷል። እሷ ስትበሳጭ እኔ ሳቅሁ። ሾኔ ከተማ ትዝ ብላኝ ነው።

ኢሕአዴግ አገር በሚመራበት ዘመን፣ ኮምፒውተር በየቢሮው እንደ ሙሽራ በጨርቅ ተሸፋፍኖ በሚቀመጥበት ጊዜ፣ እኔ ኮሌጅ ጨርሼ ሆሳዕና ውስጥ በተከራየሁት ጠባብ ክፍል ሶፍትዌር እሠራ ነበር። ሾኔ ላይ ክሊኒክ ላላቸው ለአቶ ኤርሲዶ የበሽተኛ መመዝገቢያ ሠራሁላቸው። ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ የሚሞላበት የስክሪን መስኮት ነው፤ ከግርጌው «መዝግብ» የሚል ቁልፍ አለው። እኔ ክፍል ውስጥ ሲታይ ያምር ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አቶ ኤርሲዶ ደወሉ።

«ሶፍትዌሩ ደህና ነው፤ መዝጋቢዋ ናት ያቃታት። የእህቴ ልጅ ዲፕሎማዋን ይዛለች፣ እሷን ላስገባ ነው። ናና አሠልጥናት።»

መዝጋቢዋ እትዬ ዘይነባ ክሊኒኩ ከተከፈተ ጀምሮ እዚያው ናቸው። በሽተኛውን በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ ይጠይቁና በአማርኛ ይጽፋሉ። ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት ብቻቸውን ነበር። እሳቸውን ለማስወጣት መጠራቴ ደስ ባይለኝም ሄድኩ።

ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው። የአካባቢው የሌሞ ገበሬዎች በጋሪ ወደ ሆሳዕና ይገባሉ፤ በመንገዱ ዳርና ዳር እንሰቱ ታጥቦ ያብረቀርቃል። የተሳፈርኩበት ሚኒባስ መንገድ ላይ አዲሎ ሲቆም የተቀቀለ በቆሎ ገዛሁና ትኩሱን ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጥኩ ጉዞዬን ቀጠልኩ።

«ልጄ፣ ሁሉንም እሞላለሁ» አሉኝ እትዬ ዘይነባ ክሊኒኩ ስደርስ። «መጨረሻ ላይ ግን የምነካው የለም።»

አየሁት። እውነትም «መዝግብ» የለም። ኮምፒውተሩን የተከለላቸው ሰው ዓይናቸው መድከሙን አይቶ ፊደሉን ሁሉ አተልቆላቸዋል፤ ፊደሉ ሲያድግ የእኔም መስኮት ተለጥጦ ታችኛው ክፍል ከስክሪኑ ውጭ ወድቋል። ፊደሉን አሳነስኩት፤ ቁልፉ ብቅ አለ።

«አሁንስ?»

«አሁን ደግሞ የጻፍኩት አይታየኝም።»

አቶ ኤርሲዶ በሩ ላይ ቆመው «እንግዲህ ወይ ዓይን ወይ ሥራ ነው» አሉ። ቀልድ ይሁን የምር አልገባኝም። እትዬ ዘይነባ ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«አቶ ኤርሲዶ፣ ችግሩ የመስኮቱ ነው» አልኩ። «እስከ ነገ ይታገሡኝ።»

መስኮቱን ስሠራ እያንዳንዱን ሳጥን ከላይ ይህን ያህል፣ ከግራ ያን ያህል ብዬ በየቦታው ቸንክሬው ነበርና ምስማሩን መንቀል ያዝኩ። መጀመሪያ ፊደሉ ብቻ አደገና «ዕድሜ» ሄዶ «ቀበሌ» ላይ ተጋደመ። እትዬ ዘይነባ ብቅ ብለው «እነዚህ ተጣሉ እንዴ?» ሲሉ ሁለታችንም ሳቅን። ለምሳ ከቤታቸው አተካና የሚባለውን የቡላ ምግብ አስመጡልኝ። ቡላው በቅቤና በአይብ ርሶ ስለነበር እጄን ታጥቤም ኪቦርዱ ቅቤ ቅቤ ሲሸት ዋለ። ከሰዓት በኋላ የሳጥኖቹን ቁመት ከፊደሉ መጠን ጋር አሰርኩ፤ ቦታ ሲጠብ መሃሉ እንዲንሸራተት፣ «መዝግብ» ግን ሁልጊዜ ከግርጌ እንዲታይ፣ መስኮቱም ከስክሪኑ እንዳይበልጥ አደረግኩ። ፊደሉን ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ እያደረግሁ ሞከርኩት፤ አልተዛነፈም።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበርና በረንዳው በሰው ተሞላ። እትዬ ዘይነባ ከፊት የቀረቡትን ሽማግሌ በሀዲይኛ ጠየቁ፤ ሞሉ፤ ቁልፉን ነኩ። «ተመዝግቧል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ቀና ብለው እንኳ ሳያዩን ቀጣዩን ጠሩ። እኔ ግን ትንፋሼን የመለስኩት ያኔ ነው።

አቶ ኤርሲዶ ከኋላ ቆመው ሲያዩ ቆዩና «የእህቴን ልጅ ታዲያ ምን ልበላት?» አሉኝ።

የመለሱላቸው እትዬ ዘይነባ ናቸው። «ትምጣ፣ አስተምራታለሁ። ወረፋው ለሁለታችንም ይበቃል።»

ልጅቷም መጣች። ጠዋት እትዬ ዘይነባ ፊደሉን አተልቀው ይሠራሉ፤ ከሰዓት እሷ አሳንሳ ትቀጥላለች። መስኮቱ ለሁለቱም እሺ ብሎ ዓመታት አገለገለ።

ዛሬ ከወጣት ባለሙያዎች ጋር እሠራለሁ። አዲስ ቅጽ ሲያሳዩኝ፣ መልኩን ከማድነቄ በፊት ፊደሉን እስከ መጨረሻው አተልቀዋለሁ። ያጉረመርማሉ። «ይህን ያህል አተልቆ የሚጠቀም ማን አለ?» ይሉኛል። ድሮ እትዬ ዘይነባን እጠቅስላቸው ነበር። አሁን ግን መነጽሬን አወልቅና «እኔ» እላቸዋለሁ።